የሱሪው ትርፍ ጨርቅ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። የሰው ወገብ በዓይኑ ለክቶ አይስትም፤ የራሱን ግን ለክቶ አያውቅም። ሱሪው ሲጠበው ስፌቱን ፈትቶ፣ ውስጥ ከታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ለቆ፣ መልሶ ሰፍቶ፣ ተኩሶ ይለብሰዋል። «ኧረ ወፍረሃል!» ስለው፣ «ይኸው ሱሪዬ ልኬ ነው» ይለኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ አበገነኝ።

ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናውን በሚረግጥበት እግሩ ላይ ስፒል ተሰክቶ አየሁ። ካልሲው ደም በደም ሆኗል፤ እሱ እያንጎራጎረ ይሰፋል። ምንም አልተሰማውም። ክው አልኩ። እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ልጃችንን የምታህል ናት። ውጤቱን አይታ፣ «ስኳር ነው» አለችን።

«ኢንሱሊን አለቀብኝ ማለት ነው?» አላት።

«አይ አባባ፣ እንዲያውም ተትረፍርፏል። ሴሎችዎ ላይ ‹ስኳሩን አስገቡ› የሚለውን የኢንሱሊን መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። ሆድ ላይ ስብ ሲከማች መልእክቱ ቢደርሳቸውም ሴሎቹ እሺ አይሉም፤ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል። ቆሽትዎ እሺ እስኪሉት ኢንሱሊን ሲጨምር፣ ሲጨምር ኖሮ አሁን እየደከመው ነው።»

«ቆሽቱ ያረረውስ የኔ ነው!» አልኩ። ሐኪሟ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም።

«እግሬስ?»

«ስኳሩ የእግርዎን ነርቭ ጎድቶታል፤ ስፒሉ ያልተሰማዎት ለዚህ ነው። ስኳሩ ካልወረደ፣ አንድ ቀን ሳይታወቅዎ የቆሰለው አልድን ይልና እግርዎን ሊያጡት ይችላሉ።»

ወደ ቤት ተመለስን። እንደገባ ሱሪውን አውልቆ ገለበጠው። ጨርቁ ላይ የድሮ ስፌት አራት መስመር ጥሏል። በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

«አራቴ ነግሮኛል» አለ። «አራቴም ዝም አሰኘሁት።»

ሜትሩን ሰጠኝና፣ «ለኪኝ» አለኝ። «መቶ አሥራ ስምንት» ስል እንባዬ መጣ። እግሩን ቢያጣውስ? ያለዚያ እግር ምን ሊሆን ነው?

መቀሱን አነሳና የቀረውን ትርፍ ጨርቅ ከስፌቱ ሥር ቆርጦ ጣለው።

«ምን ነካህ? ነገ ቢጠብህ በምን ታሰፋዋለህ?»

«ይጥበበኛ።»

ሱሪውን እንደምንም ለበሰ። ጫማውን ከማድረጉ በፊት እጁን ከቶ ውስጡን ፈተሸ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ወጣ ብለን እንራመድ» አለኝ። «ግን ቀስ እንበል፤ ሱሪው ጠቦኛል።»

በስድስት ዓመት ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።