የቀበሮው ኦቾሎኒ

አቲሜ ሰላምታ ፈርቶ መንገድ መቀየር ከጀመረ ሰነባብቷል። ገደል ሥር ባለው በእነሱ መንደር ደግሞ ሰላምታ የዋዛ ነገር አይደለም። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቤት፣ ሚስት፣ ልጆች፣ ከብት አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ተጠያቂውም በየመሐሉ «ሴዎ» ይላል፣ ደህና ናቸው ማለቱ ነው። ቤቱ? ሴዎ። ሚስትህ? ሴዎ። ልጆችህ? አቲሜ የሚሸሸው ይህችን ጥያቄ ነው። የበኩር ልጁ ዶሞ ወደ ምዕራብ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ክረምት አልፎታል። ጉድጓድ ተደርምሶ ሰው ቀበረ የሚል ወሬ መጥቶ ነበር፤ የተቀበሩት እነማን እንደሆኑ ግን የነገራቸው የለም።

የሚገርመው አቲሜ ራሱ የመንደሩ ቀበሮ አንባቢ መሆኑ ነው። አመሻሽ ላይ ከመንደሩ ወጣ ብሎ አሸዋው ላይ በጣቱ ሰሌዳ ይሠራል፤ የጠያቂውን ጉዳይ በመስመርና በስንጥር ያሰፍራል፤ ኦቾሎኒ በትኖበት ይሄዳል። ቀበሮው ኦቾሎኒውን ሊበላ መጥቶ የሚተወውን ዱካ ጠዋት ያነባል። ቀበሮው ሳይመጣ ሲቀር «ዝም ማለቱም መልስ ነው፤ ሂድና ሥራህን ሥራ» እያለ ስንቱን ሸኝቷል! ለራሱ ሲሆን ምክሩ አልዋጥ አለው። በየማታው የልጁን ሰሌዳ ይሠራል፦ አለ ወይስ የለም? ጠዋት ሲሄድ የሌላው ሰው ሰሌዳ በዱካ ተሞልቶ የእሱ ባዶውን ይጠብቀዋል። እንቅልፍ ነሣው። ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተት ጀመር።

አንድ ቀን ሚስቱ ያፓማ ለምሳ የማሽላ ገንፎ በባኦባብ ዛፍ ቅጠል ወጥ አቀረበችለት። አንዴ ጎረሰ፤ ደገመ። ከዚያ ማላመጡን አቆመ።

«ይሄ ወጥ ምን ገብቶበታል?»

«ጣፈጠህ? ተመስገን! እህል የረሳህ መስሎኝ ነበር።»

«ኦቾሎኒ ነው! ዘንድሮ ኦቾሎኒ የት አለ? ያለችንን አንድ ቅል ለቀበሮው ብዬ የደበቅኋት እኔ ነኝ።»

«ቅልህን ማን ነካው? ሽንኩርት አጠጥቼ ስመለስ መንገዴ በሰሌዳህ በኩል ነው። ምግብ መሬት ላይ ወድቆ እያየሁ ልለፈው?»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁሌ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰውን ጉድ ከአሸዋ ላይ የሚያነበው ሰውዬ የገዛ ሚስቱን ዱካ ሳያይ ከርሟል። እሷም ብትሆን የሌላውን ሰው ሰሌዳ ሳትነካ የእሱን ብቻ ለቅማ፣ የእግሯን ዱካ በቅጠል እየጠረገች ነበር የምትመለሰው። ለካ ያ ሁሉ ጥያቄው እየተወቀጠ ወጡ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። አቲሜ ሳህኑን ገፋው።

«ልጅሽ አይደለም? መኖሩን ማወቅ አትፈልጊም?»

ያፓማ እጇን በጨርቋ ጠረገች። ቀልዷም አብሮ ተጠረገ።

«ስማኝ የዶሞ አባት። ቀበሮው የለም ቢልህ አንተንም ልቀብር ነው። አለ ቢልህ ደግሞ ታሟል ወይ ትላለህ፣ መቼ ይመጣል ትላለህ፣ አታርፍም። እኔ ማታ ማታ ወደ መንገዱ ዞሬ ‘ልጄ፣ ያለህበት ይመችህ’ እላለሁ፤ ከዚያ እተኛለሁ። አላውቅም። አለማወቅ ያስለቅሰኛል እንጂ አልገደለኝም። አንተን እየጨረሰህ ያለው ‘ካላወቅሁ’ ማለትህ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ያን ልጅ የመረቅኸው መቼ ነው?»

አቲሜ ተቆጥቶ ወጣ።

የዚያን ዕለት ሰሌዳውን ሠርቶ ኦቾሎኒውን በተነና ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደ ዘበኛ ቆመ። ያፓማ በሌላ መንገድ ዞራ ወደ ቤቷ ገባች።

ጎህ ሲቀድ ተመለሰ። ገና ከሩቅ አየው፤ ዱካ አለ! ለማንበብ ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። እግሩን ሊያነሳ ሲል የሚስቱ ጥያቄ ያዘው። መቼ መረቅሁት? ስለ ዶሞ ሲጠይቅ ከርሟል፤ ስለ ዶሞ ተጨንቋል፤ ለዶሞ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፍርዱ እስኪሰማ ብሎ ልጁን ደጅ አቁሞታል። ቢኖርስ፣ ባይኖርስ፣ የአባቱን ምርቃት የሚነፈገው በምን ጥፋቱ ነው? አቲሜ አፈረ።

ዓይኑን ከገደሉ አናት ላይ ተክሎ ተራመደና ተንበረከከ። አሸዋውን በመዳፉ አበሰው። ዱካዎቹ ከእጁ ሥር ሲፈርሱ ተሰማው። ጥሩ ይሁኑ መጥፎ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። እንባው መጣ።

«ይቅርታ፣ ሥራህን አበላሸሁብህ» አለ ቀበሮውን። ኪሱ ውስጥ የቀሩትን ኦቾሎኒዎች አሸዋው ላይ ጣለ። «ይሄ ያለ ጥያቄ ነው። ዝም ብለህ ብላ።»

ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞረ። «ዶሞ» አለ። «ዶሞ ልጄ፣ ያለህበት ይመችህ። ክፉ አይንካህ።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ሽማግሌው ኬንዬ ከፊት ለፊቱ መጣ። አቲሜ መንገድ አልቀየረም።

«ኧረ አቲሜ! ዛሬስ ሳትሸሽ? ቤቱስ?»

«ሴዎ።»

«ያፓማስ?»

«ሴዎ። ሌባ ናት፣ ግን ሴዎ።»

ኬንዬ ሳቀ። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ግን አዝኖለት ዘለለው።

«ከብቶቹስ?»

«ልጆቹን ረሳህ» አለው አቲሜ።

ሽማግሌው ትክ ብሎ አየው። «ልጆቹስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሴዎ» አለ አቲሜ፣ አፉን ሞልቶ።