ሳይንኳኳ የተጻፈው

ገብረጻድቅ የተስፋሚካኤልን ስም በአንድ መስመር ሰረዘና የሜዳሊያ እጩ ቅጹን በጠረጴዛው ላይ ወደ የሺሐረግ ገፋው።

«በእሳቸው ቦታ አያና ብለሽ በሌላ ቅጽ ገልብጪው» አላት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። ቅዳሜ ነው የሚሸለሙት።»

«ጋሼ ተስፋሚካኤል ምን ጎደላቸው?»

«ምንም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የውሃ ቦቴ ነድተዋል። ከሥራ የቀሩበትን ቀን ፈልጌ አላገኘሁም። ግን የዲሲፕሊን ቅጣት ያለበት አይታጭም ይላል፤ እዚህ ጋ፣ አንብቢው። ማህደራቸው ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ። ውሃ ሳይዙ እሳት ቦታ ደርሰዋል፤ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት።» የጣቢያው ኃላፊ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ እንኳ ያኔ እዚህ አልነበርኩም።»

የሺሐረግ ነበረች። ቅጹን ይዛ ወጣች።

የሐዲድ ሠፈር እሳት አደጋ ጣቢያ የስልክና የሬዲዮ ክፍሏ ከዋናው መንገድ ጋር ፊት ለፊት ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ስንቅ የቋጠሩ ሴቶች የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ወደ ማረሚያ ቤቱ ይወርዳሉ። ላለፉት ዐሥራ አራት ዓመታት ይህን መስኮት በግራዋ፣ ስልኩን በቀኟ አድርጋ ተቀምጣለች። ተስፋሚካኤል በዚህ ሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሌላ ሽልማት፣ ሌላ ዓመት የላቸውም።

ቁም ሣጥኑን ከፍታ ከታችኛው መደርደሪያ የሰማንያ ዘጠኙን መዝገብ አወጣች። ገጹን አልፈለገችውም፤ ታውቀዋለች።

ጣቢያው ከጥንት የያዘው አሠራር አለው። ቦቴው ከእሳት ሲመለስ ሰዎቹ ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት ይሞላል። ከዚያ ሾፌሩ ታንከሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። ድምፁ ከላይ ጀምሮ ደፈን ካለ በሬዲዮ «ሙሉ» ይላል። ኦፕሬተሯ ይህን ስትሰማ ሰዓቱን አይታ «ሙሉ» ብላ ትጽፋለች። ሳይንኳኳ አይጻፍም።

ግንቦት 12 ቀን ግን ጽፋለች። ከተቀጠረች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ተስፋሚካኤል ከአቃቂ ወዲያ ካለው ጉድጓድ ውሃ ሊሞሉ ሄደዋል፤ ሁልጊዜ በግማሽ ሰዓት ይጨርሳሉ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ በስምንት ሰዓት ከዐሥር ላይ «ሙሉ» ብላ ጻፈች። ጉድጓዱ ላይ መብራት ጠፍቶ ወረፋ እንደቆሙ ከየት ትወቅ? ከአራት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ሱቆች እየተቃጠሉ ነው። ሬዲዮውን አንስታ በቀጥታ እንዲሄዱ አዘዘች። «ገና…» ሲሉ ሰምታለች። «ቀጥታ ሂዱ ብያለሁ» ብላ አቋረጠቻቸው። እሳቸውም ሌላ ቦቴ የታዘዘ መስሏቸው ሄዱ። አዚዛ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ሙሉ በሙሉ ወደመ። አጣሪዎቹ መዝገቡን ሲያዩ ስምንት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሞልቷል ይላል። እንግዲያው ውሃው የት ሄደ? ሾፌሩ ቧንቧውን በደንብ ሳይዘጋው ፈሷል ብለው ጻፉ። ተስፋሚካኤል አንድም ቃል ሳይመልሱ ፈረሙ።

መዝገቡን በብብቷ ይዛ ወደ ግቢው ወረደች። ሽማግሌው የቦቴውን ጎማ በሳሙና ያጥባሉ። አያና ከላይ ተቀምጦ መሰላሉን ያስራል።

«ጋሼ፣ የሰማንያ ዘጠኙን መዝገብ አወጣሁት።»

ጨርቁን ጨመቁ። «መልሺው።»

«ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«ብናገርስ? አንቺ የሙከራ ቅጥር ነበርሽ፤ በማግስቱ ያሰናብቱሽ ነበር። ለእኔ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀት ምን ያደርጋል?»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ሳልነግርሽ አንድ ቀን እንኳ ጽፈሽ አታውቂም። በቃ፣ ተከፈለ። ደግሞ ሜዳሊያ ለምኔ ነው? ለዶሮዎቼ ላንጠልጥልላቸው?»

«ለአውራው ያምርበታል» አለ አያና ከላይ። ከዚያ መሰላሉን ተወና ወደ የሺሐረግ ጎንበስ አለ። «እኔን እንዳሰቡኝ ሰምቻለሁ። ስሚ፣ የውሃ ጎማ ይዤ እሳት ውስጥ ስገባ ወደኋላ ዞሬ አይቼ አላውቅም። ከኋላ እሳቸው ካሉ ውሃው አይቋረጥም። ይሄ የትኛው ቅጽ ላይ ነው የሚጻፈው?»

«አንተ ሥራህን ሥራ» አሉት ተስፋሚካኤል።

የሺሐረግ ዓይኗ ሳሙናው ላይ ቀረ። አዚዛ ከጣቢያው ማዶ እንደገና የሠራችው ሱቅ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ተስፋሚካኤል ግን ሳሙና የሚገዙት ሐዲዱን ተሻግረው ነው። አዚዛ ሰላምታቸውን ከተወች ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ «ደረቁ ሰውዬ» ትላቸዋለች።

እኩለ ቀን ላይ በሐዲዱ ዳር ሣር ተያያዘ። አጥፍተው ሲጨርሱ ተስፋሚካኤል ቦቴውን ሊሞሉ ወደ ጉድጓዱ ወጡ። የሺሐረግ ስልኩን ለአያና አደራ ሰጥታ መንገዱን ተሻገረች።

አዚዛ ስኳር እየመዘነች ነበር። «ነይ ግቢ፣ የኔ እመቤት። ምን ልስጥሽ?»

«ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ። ሱቅሽ የተቃጠለ ዕለት መኪናው ውሃ ያልያዘው በእኔ ነው። ሳይሞላ ሞላ ብዬ ጻፍኩ። ሾፌሩ ገና ነው ሊሉኝ ሲሉ አቋርጬ ላክኋቸው።»

የአዚዛ እጅ ሚዛኑ ላይ ቆመ። ከውጭ የታክሲ ረዳት «ሳሪስ አቦ፣ ሳሪስ!» እያለ ይጠራል። ስኳሩን መልሳ ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው።

«ሰውዬው ያውቃል?»

«ያውቃሉ።»

«እኔ በአደባባይ ስሰድበው ዝም ብሎ ይሄድ ነበር። አንቺ ደግሞ እዚህ ቆመሽ ሻይ ቅጠል ትገዢ ነበር።»

«አዎ።»

አዚዛ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ሳሙናውን ከእኔ ይግዛ በይው። አንቺ ግን ለጥቂት ቀን እዚህ አትምጪብኝ።»

«እሺ» ብላ ወጣች የሺሐረግ። በቀጥታ ወደ ገብረጻድቅ ቢሮ ሄደች። መዝገቡን ገልጣ ከፊቱ ዘረጋችና ሁሉንም ነገረችው።

ገብረጻድቅ ረጅም ጊዜ የእጅ ጽሑፏን አየ። «የፈረቃ አስተባባሪነት ዕድገትሽ ፊርማ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሰኞ አምጪው። በደብዳቤ አድርገን ቀስ ብለን እናስገባዋለን፤ ማንም ሳይሰማ።»

«ሰኞ ሽልማቱ አልፏል፣ አቶ ገብረጻድቅ።»

«ሰው እኮ አልሞተም፣ የሺሐረግ።»

«መመሪያውን የለጠፉት እርስዎ ነዎት። ስህተት ያገኘ ኦፕሬተር በዚያው ፈረቃ እርማቱን በሬዲዮ ለማዕከል ያነባል። እኔ ስህተቱን ያመንኩት ዛሬ ነው።»

«በሬዲዮ? ሁሉም ጣቢያ ይሰማል።»

«ማስጠንቀቂያውንም ሁሉም ሰምቶታል» አለችና መዝገቡን አነሳች።

አያና ወንበሩን ለቀቀላት። ከስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች።

«ማዕከል፣ ከሐዲድ። የመዝገብ እርማት አለኝ።»

«ቀጥይ ሐዲድ።»

«ግንቦት 12 ቀን 1989። ስምንት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሙሉ ተብሎ የተጻፈው ሾፌሩ ሳይናገር ነው። ቦቴው አልሞላም ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲሄድ ያዘዝኩትም እኔው፤ የሺሐረግ ኦላና። ሾፌሩ ተስፋሚካኤል ጥፋት የለባቸውም።»

ሬዲዮው ጥቂት ተንሿሿ።

«ሐዲድ፣ ዓመቱን ድገሚ።»

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

«ተመዝግቧል። ስምንት ሰዓት ከአርባ አንድ።»

ገብረጻድቅ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየችውም። አዲስ ቅጽ ስባ ተስፋሚካኤል የሚለውን ስም በጥንቃቄ ጻፈች። ስለ ቅጣት የሚጠይቀው መስመር ላይ ስትደርስ «በእርማት ተነሥቷል» ብላ ሰዓቱን አሰፈረች። ቀና ስትል ገብረጻድቅ እጁን ዘርግቶ ነበር።

«ፊርማዬ ይቀረዋል። ስጪኝ፤ ራሴ አደርሰዋለሁ» አለ። ፈርሞ በቁሙ አነበበውና የሞተር ብስክሌቱን ቁልፍ ከኪሱ እየፈለገ ወጣ።

ሞተሩ ከግቢው ሳይወጣ ሬዲዮው ጠራ።

«ሐዲድ፣ ከቦቴ።» የተስፋሚካኤል ድምፅ ነበር። ሳይናገሩ ቁልፉን ተጭነው ስለያዙ ከኋላቸው የውሃው መውረድ ይሰማል። እርማቱን ሰምተዋል።

ከልማድ እስክሪብቶዋ መዝገቡ ላይ ነበር። ሰዓቱን አየች፤ ግማሽ ሰዓታቸው ካለፈ ቆይቷል።

«ገና ነው፣ የሺ» አሉ በመጨረሻ። «ከወገቡ አላለፈም።»

እስክሪብቶውን ከድና ከመዝገቡ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እጠብቃለሁ፣ ጋሼ» አለች።