የሐሙሱ ፊርማ

መሐንዲሷ ከሁለት ረድፍ ማሽኖች መሐል ተንበርክካ፣ ከወለሉ ቀዳዳ የሚወጣውን ቀዝቃዛ አየር በመዳፏ ትለካለች። ቴርሞሜትር በኪሷ አለ፤ የምታምነው ግን ከእጇ ቀጥሎ ነው። እንዲህ ያስተማሯት ሰው አሁን ከኋላዋ ቆመው ይጠብቋታል። አንድ መሥሪያ ቤት ሳሉ «በእጅሽ ያልነካሽውን አትፈርሚ» ይሏት ነበር። ዛሬ እሳቸው የየድርጅቱ ሰርቨሮች በኪራይ የሚያድሩበት የዚህ ሕንፃ ኃላፊ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ለሆስፒታሏ ሰርቨሮች የሚሆን ቦታ ልትገመግም መጥታለች።

«ቅዝቃዜው ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ድሮስ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

ባለፈው ክረምት መብራት ሲጠፋ የሆስፒታሉ የሕሙማን ፋይል ሁለት ቀን ሙሉ አልከፈት ብሎ ነበር። ራሷን የሳተች አንዲት ሴት የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት ሐኪሙ ጎረቤቷን መተላለፊያው ላይ ሲጠይቅ መሐንዲሷ ቆማ አይታለች። ሴትዮዋ ተርፋለች፤ መሐንዲሷን ግን ነገሩ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳታል። አሁን የግምገማውን ወረቀት ከፈረመች የሆስፒታሉ ማሽኖች ቅዳሜ እዚህ ይገባሉ። ጋሼም ይህን ደንበኛ እንደሚያመጡ ለአለቆቻቸው ቃል ገብተዋል፤ ሳይደብቁ ነግረዋታል።

በሩ ባለሁለት ቁልፍ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም። ጥበቃው መታወቂያዋን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አይቶ፣ «ፎቶው ላይ ይስቃሉ፤ ዛሬ ምነው?» ብሏታል። ወረቀቷ ላይ የቀረው ጄኔሬተሩ ብቻ ነበር።

ጄኔሬተሩ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ከበሩ ጀርባ በሲባጎ የተንጠለጠለ መዝገብ አለ፤ በየሳምንቱ ሐሙስ በአራት ሰዓት ሞተሩ ተነስቶ ሲሞከር የሚፈረምበት። ገለጠችው። ሁሉም ሐሙስ በጋሼ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። የዛሬውም አልቀረም፦ «አራት ሰዓት፤ ተሞከረ፤ ደህና ነው።»

ሰዓቷን አየች። ገና ሦስት ተኩል ነው። እጇን የሞተሩ ክዳን ላይ ስታሳርፍ ብረቱ በረዶ ሆኖ ጠበቃት፤ ጣቷም አቧራ ይዞ ተመለሰ። ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት።

«ጋሼ፣ ከተሞከረ ስንት ጊዜው ነው?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሁለት ወር። ለመጨረሻ ጊዜ ስሞክረው ሦስቴ አስሎ በአራተኛው ነው የተነሳ። መለዋወጫ ጠየቅሁ፤ ዛሬ ነገ ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ መንካቱን ፈራሁ፣ ልጄ። ካልነካሁት ደህና ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ።»

«የፈሩት ይደርሳል ይላሉ እኮ።»

«የጠሉት ይወርሳል» ብለው ጨረሱላት፤ ፈገግ ግን አላሉም።

«እንሞክረው» አለች። «መብራቱን ስናጠፋ ሞተሩ በራሱ መነሳት አለበት፤ እስከዚያ የሕንፃው ባትሪ ማሽኖቹን አሥር ደቂቃ ይይዛል። ካልተነሳ መብራቱን እንመልሳለን፤ ማንም አይጎዳም።»

«እኔስ?»

ጋሼ እስክሪብቶዋን ከእጇ ወሰዱ። ከዛሬው ጀምረው ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ ሞተሩን ያልነኩባቸውን ሐሙሶች አንድ በአንድ ሰረዙ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደው የሕንፃውን መብራት የሚቆርጠውን ትልቁን ማብሪያ ያዙ።

«እጅሽን ክዳኑ ላይ አድርጊ» አሏት። «ከእኔ ቀድመሽ ትሰሚዋለሽ።»

አደረገች። ማብሪያው ቀጭ ብሎ ወረደ፤ አምፖሉ ጠፋ።

ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለ።