ጥምጣምና ቁርበት

«አባዬ፣ በረዶ ጣለልን! ይውጡና ይዩት!»

መሪጌታ መልከ ጼዴቅ የልጃቸውን የሐመልማልን ድምፅ ሲሰሙ ጥምጣማቸውን እንዳደረጉ በባዶ እግራቸው ከቤት ወጡ።

«እግዚኦ! ገብሱን ጨረሰው?»

«ኧረ ገብሱ ደህና ነው። የወረደው ግጦሹ ላይ ነው። ከልጄ ከፍቅርአዲስ ጋር እንዲያዩት ብዬ ነው የጠራሁዎት።»

መሪጌታ የበሩን መቃን ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ምነው ልጄ! በመስከረም በረዶ ‘ጣለልን’ ይባላል? ‘ጣለብን’ ነው እንጂ! ነፍሴን አወጣሻት እኮ።»

ሐመልማል አፈረች። ሆኖም ሐሳቧን አልተወችም። በማግስቱ ዛሪማ ወርዳ ማስተማር ልትጀምር ነው። ዛሪማ ቆላ ነው፤ ወባው ለሕፃን አይሆንም። ባሏም ለሥራ መተማ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ፍቅርአዲስ ከደባርቅ በላይ ካለው ከዚህ ቤት፣ ከአያቷ ጋር መቅረት አለባት። ልጅቱ ግን ከመጡ ጀምሮ አያቷ በቀረቧት ቁጥር የእናቷ አንገት ውስጥ ገብታ ትጮኻለች። መሪጌታ ቆሎ ሰጥተዋታል፣ ዘምረውላታል፤ አልሆነም። ዛሬም ካልለመደቻቸው ሥራው ይቀራል።

ሐመልማል መደቡ ላይ የተነጠፈውን የበሬ ቁርበት አወጣች።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ላንሸራትታት ነው።»

«በእኔ መኝታ?» አሉ፤ ግን ተከተሏት።

ዳገቱ ነጭ ሆኗል። ሐመልማል ቁርበቱን አነጠፈች፣ መሪጌታም እንዳይሸሽ ጫፉ ላይ ተቀመጡበት። እሷ ነጠላዋን ልታጠብቅ ልጅቱን መሬት ስታወርዳት፣ ፍቅርአዲስ በረዶ ለመልቀም ቁርበቱ ላይ ወጥታ ቁጢጥ አለች። ቁርበቱ ተንቀሳቀሰ። መሪጌታ ልጅቱን እቅፍ አደረጉና አብረው ቁልቁል ነጎዱ።

«ኧረ መሪጌታ! ጉዞው ወዴት ነው?» አለች ጎረቤታቸው ዘቢደር ከአጥሯ ማዶ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ልጅቱ ጮኸች። ሐመልማል ሮጠች፣ ወደቀች፣ ተነሥታ ደግሞ ሮጠች። ስትደርስባቸው ቁርበቱ ሜዳው ላይ ቆሟል። ጥምጣሙ ተፈትቶ ዳገቱ ላይ ተዘርግቷል፤ መሪጌታ በሰው ፊት ራሳቸው ስለተገለጠ በእጃቸው ሊሸፍኑት ይሞክራሉ። ፍቅርአዲስ ጩኸቷን ትታ አየቻቸው። ከዚያ ትንሿን እጇን አንሥታ በራ አናታቸው ላይ አሳረፈች።

ለካ የፈራችው ጥምጣሙን ኖሯል።

«ነይ፣ እናቴ» አለች ሐመልማል እጆቿን ዘርግታ።

ልጅቱ ዞር ብላም አላየቻት። «ደግሞ!» አለች አያቷን።

ሐመልማል የተዘረጉ እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ሳምንቱን ሙሉ የለመነችው ይህንኑ ነበር። ሲሰጧት እንዲህ እንደሚከብድ ግን አላሰበችም። ጎንበስ ብላ ከልጅቱ ጫማ ላይ በረዶ አራገፈች፤ መራገፍ ያለበት ብዙም አልነበረም።

«መሪጌታ፣ ራስዎን ይሸፍኑ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል!» አለች ዘቢደር።

«ሸፍኜ ደግሞ ላስለቅሳት?»

ልጅቱን አቅፈው፣ ቁርበቱን እየጎተቱ፣ ራሳቸውን እንደገለጡ ዳገቱን ወጡ።

በማግስቱ ሐመልማል ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው ሚኒባስ ሄደች። ፍቅርአዲስ ቀኑን ሙሉ እናቷን ስትጠራ ዋለች፤ ሲመሽ አያቷ ክንድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።