የያምሮት አድራሻ

በ1999 ዓ.ም. እኔ ቡሬ፣ ያምሮት ፍኖተ ሰላም፣ ሁለታችንም የመንግሥት ቢሮ ኮምፒውተር ጠጋኞች ነበርን። የተዋወቅነው ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነው። እዚያ እያንዳንዳችን ለኮምፒውተራችን የራሳችንን ስም አወጣንለት፤ የእሷ «ያምሮት»፣ የእኔ «ወንዳወቅ» ተባለ። ቢሮዎቻችን በመስመር የተያያዙ ነበሩና ስንለያይ «ጠዋት ጠዋት ከኮምፒውተርህ ስሜን ጽፈህ ጥራው፤ ማን እንደጠራኝ ኮምፒውተሬ ይመዘግብልኛል» አለችኝ።

ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። የትኛው ስም የየትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚናገረው ባሕር ዳር ያለው ዋናው መዝገብ ነው። እሱ ደግሞ ሲሻው ይመልሳል፣ ሲሻው ይዘጋል። ስለዚህ የእሷን ስምና ቁጥር በራሴ ኮምፒውተር ላይ በእጄ ጻፍሁት። እንዲህ ከተጻፈለት የራሱን ማስታወሻ አምኖ ማንንም አይጠይቅም። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

በየጠዋቱ ስሟን እጠራለሁ፣ ምላሽ ይመጣል። የሚመጣው አራት መስመር ቁጥር ብቻ ነው፤ እኔ ግን «ደህና አደርህ?» ያለችኝ ያህል ደስ ይለኛል። ስልኩ ያለው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በሰው ፊት ምን ይወራል? ዓይናፋር ነኝ እንግዲህ! እየናፈቅኋት በዚያች ምላሽ ዓመት ከረምሁ።

በመጨረሻ ቆረጥሁና ሽማግሌ ላክሁ። የአባቷን ቤት ስለማላውቅ መጀመሪያ ቢሮዋ ሄደው እንዲጠይቋት ነገርኋቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቄስ ሃይለ ሚካኤል፣ በማግሥቱ ተቆጥተው ተመለሱ።

«አንተ ልጅ፣ የላክኸን ይርሳው የሚባል ጢማም ልናጭልህ ነው?»

«ያምሮትስ፣ አባ?»

«ከተዛወረች ሰባት ወሯ ነው አሉ። ወዴት እንደሄደች ሰውየው አያውቅም፣ እሱም አዲስ ነው።»

ለካ የድሮ ቁጥሯ ለይርሳው ተላልፎ፣ ሰባት ወር ሙሉ የምጠራው እሱን ኖሯል! በእጄ የጻፍሁትን መስመር ሰረዝሁና ስሟን እንደገና ጠራሁ። አሁን ዋናው መዝገብ ተጠየቀ፤ ሌላ ቁጥር ወጣ። ቁጥሩ የቋሪት ወረዳ ከተማ፣ የገበዝ ማርያም ነበር።

ዓይናፋርነቴን ረስቼ የኃላፊውን ስልክ አነሳሁና ወደ ገበዝ ማርያም ቢሮ ደወልሁ።

«ወንዳወቅ ነኝ» አልኋት።

«ስዛወር ስሜ ከአዲሱ ቁጥር ጋር እንዲመዘገብልኝ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ለምኛለሁ፤ ስትጠራኝ እንድታገኘኝ ብዬ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ኮምፒውተሬ የመዘገባቸውን ጠሪዎች አያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ የለህባቸውም።»

«በየቀኑ ጠርቼሻለሁ፣ ያምሮት። በስምሽ ማል ብትይኝ እምላለሁ። ምነው ታዲያ ባትደውዪ?»

«ሴት ልጅ ‹ለምን ተውኸኝ?› ብላ ትደውል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ባለፈው እሁድ የሌላ ሰው ሽማግሌ ቤታችን ገባ። አባቴ እሺ አሉ። እኔም እሺ አልሁ።»

ኃላፊው ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቷል። እሷ ግን ገና አልዘጋችም፤ እኔም ልሰጠው አልቻልሁም።