የሮማን ጳጉሜ ስድስት

በላይነህ ልጁ ሮማን ጳጉሜ ስድስት ቀን በመወለዷ ፈጣሪውን ያላመሰገነበት ዓመት የለም። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ጎረቤት ልደት ውላ፣ «የኔስ መቼ ነው?» እያለች ስታለቅስ ስትመጣ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ በጣቱ እያሳየ፣ «ምን ላድርግሽ የኔ እመቤት፤ ያንቺ ቀን እኮ ዘንድሮ የለችም!» ይላታል። እሷም ቀና ብላ ታያለች። እውነትም የለችም። አዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ምቹ ሰበብ ያገኘ ሌላ አባት አልነበረም።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል። ጣጣ ግን አይወድም። ግብርና መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲጠራ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ድግስ ሲጠራ በሩ አጠገብ ነው፤ ሰልፍ ሲወጣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ድምፅ ሲሰጥ እጁን የሚያወጣው ሁሉም ካወጣ በኋላ፣ የሚያወርደውም ሁሉም ካወረደ በኋላ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል የሚል እምነት ነበረው፤ እስካሁንም አላሳፈረውም።

ሮማን አራት ዓመት ሲሞላት ቀኗ መጥታ ነበር። ግን ኩፍኝ ቀድሟት መጣና ልጅቷ ሁለመናዋ ዥጉርጉር ብሎ በነጠላ ተጠቅልላ ዋለች። ይኸው እንግዲህ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ ነው፣ ሮማንም ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ማንበብም ችላለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንበር ጎትታ ወጣችና የቀን መቁጠሪያውን ገለጠች።

«አባዬ! መጣች!»

«ማን?»

«ቀኔ! ይቺትና ስድስት!»

በላይነህን ሻዩ ትን አለው።

«ዘንድሮ ካመለጠችኝ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች ሮማን ከወንበሩ ላይ እንደ ዳኛ ቁልቁል እያየችው። «ያኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ትልቅ ሰው ሻማ አያጠፋም።»

በላይነህ አቅፎ ከወንበሩ አወረዳት። ማታ ለሚስቱ ለጸሐይወርቅ ዕቅዱን ነገራት። ዕቅዱም ልክ እንደ ሰውየው ከጣጣ የራቀ ነበር።

«ቀላል ልደት ነው የምናደርገው። አምስት ልጅ፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ሻማ። እሑድ ስምንት ሰዓት ይመጣሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ቤታችን ባዶ ነው።»

ጸሐይወርቅ ሳቋ መጣ። «ታቦር ሰፈር ውስጥ አምስት ልጅ ጠርተህ ስድስተኛውን ምን ልትለው ነው?»

«ዝም እላለኋ።»

«አንተ ዝም ስትል እናቱ ትናገራለች።»

የሆነ ሆኖ ዱቄቱ ተገዛ። ሻማውን ከጠሀ ሱቅ ለመግዛት አባትና ልጅ አብረው ሄዱ። ጠሀ መደርደሪያውን አገላብጦ አገላብጦ፣ መብራት ሲጠፋ ሰው የሚገዛውን አንድ ወፍራም ሻማ አወጣ። «ስምንት ቀጫጭን ከየት ላምጣልህ ጋሽ በላይነህ? ይቺን ውሰዳት። እንኳን ለስምንት ለሰማንያ ዓመትም ትበቃለች» አለ፤ ለሮማንም ከረሜላ መረቀላት። በላይነህ ሻማውን ኪሱ ከቶ ሲወጣ፣ ነገሩ ይህን ያህል እንደማያስፈራ ተሰማው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ድምፅ ማጉያውን ይዞ በመንደሩ አለፈ። ነገ እሑድ፣ ጠዋት የጽዳት ዘመቻ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ነዋሪው ሁሉ ከነልጆቹ ሐይቁ ዳር ከጉዱማሌ ወዲህ ባለው ሜዳ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ልምምድ ይገኝ። ያልተገኘ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይጠብቅ።

ከልምምዱ በኋላ እናድርገው እንዳይባል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወልደአማኑኤል ልምምድ ከጀመሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚለቁ ሰው አይደሉም። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ልደት ማክበር የንዑስ ከበርቴ ልማድ መሆኑን ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተውበታል። በላይነህ ያን ቀን ከሁሉም አስረዝሞ ያጨበጨበ ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር አዋጁን ሲሰማ መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ቀና ሲል ግን ሮማንን አያት። አታለቅስም። በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ምን እንደሚላት አስቀድማ የምታውቅ ሰው ዓይን ነበር ያላት። ያ ዓይን አንጀቱን በላው። ልጅ ስታለቅስ ማባበል ይቻላል፤ ተስፋ ስትቆርጥ ግን ምን ይባላል?

«ልጆቹ ሁሉ ነገ ሜዳው ላይ አይደሉ?» አለ ሳያስበው። «ዳቦውን እዚያው ይዘን እንሄዳለን። በዕረፍት ሰዓት፣ ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ፣ ቶሎ ብለን ሻማዋን እፍ ማለት ነው። ማንም አያይም።»

ጸሐይወርቅ ባሏን እንደ እንግዳ ሰው አየችው። «አንተ? አብዮት በዓል ልምምድ ላይ?»

«ማንም አያይም አልኩሽ።»

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ሰልፉ ተደረደረ፤ ልጆች ከፊት፣ ጎልማሶች ከመሃል፣ በላይነህና ዳቦው ከመጨረሻ። ዳቦው በሁለት ነጠላ ተጠቅልሎ ዘንቢል ውስጥ ተቀምጧል። ሰው ያላሰበው ነገር ቢኖር ሽታው ነው። ከምድጃ የወጣ ድፎ ዳቦን በነጠላ መሸፈን ይቻላል እንጂ ዝም ማሰኘት አይቻልም። ነፋሱ ደግሞ ከሐይቁ ወደ ሜዳው ነው የሚነፍሰው።

መጀመሪያ አንድ ሕፃን ዞር አለ። ቀጥሎ ጓደኛው። ሮማን ለአምስት ልጆች ብቻ ንገሪ ተብላ ነበር፤ ለአምስት ነገረች፣ አምስቱ ለመንደሩ ነገሩ። ደግሞ ከበላይነህ ፊት የቆመችው ጎረቤቱ ብርሃነሽ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ የተቀቀለ በቆሎ እሸት አሳየችው። «እናንተ ሳትነግሩን ልንቀር ኖሯል? አያሳዝንም?» አለችው። ከጎኗ ያሉት ሴቶችም ቆሎውንና ንፍሮውን ከየጉያቸው እያወጡ ነበር።

«ወደ ፊት እይ!» አሉ ጓድ ወልደአማኑኤል ከመድረኩ በማይክራፎን።

ማንም ወደ ፊት አላየም። ልጆቹ እየሳቁ በጎልማሶቹ መሃል ሾልከው ወደ ኋላ ተግተለተሉ፤ እናቶቻቸው ሊይዟቸው ዞሩ፤ አባቶችም እናቶቹን ለማየት ዞሩ። ሜዳው ሙሉ ፊቱን አዞረ። በላይነህ ቀና ሲል የቀበሌው ሕዝብ በሙሉ አፍጥጦ እያየው ነው። ዕድሜ ልኩን የተደበቀባት የመጨረሻዋ ረድፍ በአንድ ጊዜ የመጀመሪያዋ ሆና ቁጭ አለች።

ጓድ ወልደአማኑኤል ረጅም ሽቦ የተቀጠለበትን ማይክራፎናቸውን እንደያዙ ሕዝቡን እየከፈሉ መጡ። ዘንቢሉ ጋ ሲደርሱ ሮማን ሻማዋን ይዛ ቆማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። ማይክራፎኑ ሳይጠፋ ነበርና ጥያቄው ሜዳውን አካለለ።

«ልደቴ ነው ጋሼ» አለች ሮማን።

«አብዮታችንን ለማክበር በምንዘጋጅበት ቀን?»

«አብዮት እኮ በየዓመቱ ይመጣል» አለች ልጅቷ እያስረዳች። «የኔ ግን በአራት ዓመት አንዴ ነው።»

ይህም በማይክራፎኑ ተሰማ። ቃሉ ሜዳውን ዞሮ፣ ከባህር ዛፎቹ ጋር ተጋጭቶ፣ ተመልሶ መጣ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ቆሎ የሚቆረጥም አንድ ልጅ እንኳ ማኘኩን አቆመ።

«የማን ልጅ ናት?» አሉ ጓድ ወልደአማኑኤል ቀስ ብለው።

በላይነህ ግራ ቀኙን አየ። ከፊቱ የሚሸፍነው ሰው የለም፤ ከኋላው ሐይቅ ነው። ሮማን አላየችውም። ወደ እሱ ብታይ እንደምታሳብቅበት ገብቷት ይሁን ወይም መልሱን ላለማየት፣ ሻማዋ ላይ አቀርቅራለች። ያን ያቀረቀረ አንገት ሲያይ ግን ፍርሃቱ ሳይለቀው አንድ ሌላ ነገር ከውስጡ ገፋው።

«የኔ ናት!»

ድምፁ ከሚያውቀው በላይ ወጣ። ራሱን አስደነገጠው። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶም እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። «የኔ ልጅ ናት። ዛሬ ልደቷ ነው። ዳቦውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሊቀ መንበሩ አባትየውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። «ስንት ሞላሽ?»

«ስምንት።»

«ስለዚህ ይሄ ሁለተኛ ልደትሽ ነዋ?»

«የመጀመሪያዬ ነው ጋሼ። ያኛው ኩፍኝ ነበር።»

የጓድ ወልደአማኑኤል ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ቁጣ ይሁን ሳቅ ለጊዜው የለየ አልነበረም። ከዚያ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ጥቂት ቆዩና ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ጓዶች! አጭር ዕረፍት!»

ሜዳው ሙሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። በላይነህ ክብሪት ለኮሰ፤ ነፋሱ አጠፋው። ደግሞ ለኮሰ፤ ደግሞ አጠፋው። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ቆባቸውን አውልቀው ከለሉለትና ወፍራሟ ሻማ በራች። መንደሩ በሙሉ ዘፈነ፤ ግማሹ ዜማውን አያውቀውም ነበር። ሮማን ጉንጯን ነፍታ እፍ አለች። ዳቦው ለዚያ ሁሉ ሰው ቁራሽ ቁራሽ እንኳ ሊዳረስ የማይችል ነበር፤ ግን ከበቆሎው፣ ከቆሎውና ከንፍሮው ጋር ሆኖ ለሁሉም በቃ። በላይነህ ምንም አልቀመሰም። ልጁ ስትስቅ ብቻ ነበር የሚያየው። ይህን ሳቅ እስከ ዛሬ በሰበብ ሲገፋው መኖሩ አሁን ገና ቆጨው።

ጓድ ወልደአማኑኤል የድርሻቸውን ዳቦ እየገመጡ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ጓድ በላይነህ።»

«አቤት ጓድ።»

«ልጅቷን ከማይክራፎን አርቅልኝ።»

«እሺ ጓድ።»

«አንተ ግን ቅረብ። እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘህ እስከ ዛሬ የት ነበርክ? የማክሰኞ ሰልፍ ላይ ከፊት ሆነህ መፈክር የምታሰማው አንተ ነህ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ በላይነህ ባዶውን ዘንቢል ይዞ፣ ሮማንን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን መፈክር በአፉ ውስጥ ያልጎመጉማል። ጸሐይወርቅ ከጎኑ እየሄደች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል።

«አይሰማም» አለች ሮማን ከላይ።

ትንሽ ከፍ አደረገው።

«አሁንም አይሰማም። አባዬ፣ ጮክ በል እንጂ! ‹የኔ ናት› ስትል እኮ ሁሉም ሰው ሰምቶሃል።»