ሙስታንግ ወይስ ካማሮ

ዓለምሰገድ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። ሁለት ነበሩት፤ ሙስታንግና ካማሮ። ያኔ ቦሌ ውስጥ ፎቅ ያልጀመረ ሰው እንደ ሰነፍ ይታይ ነበርና ሚስቱ ቤዛዊትም ግቢያቸው ውስጥ መሠረት አስቆፈረች። «አንዷን ሸኝልኝ! ሲሚንቶውን አልጋችን ላይ ልከምረው እንዴ?» አለችው።

የቷን? ወይ ጣጣ! ካማሮዋ ደረቷ ሰፊ፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ቀኑን ሙሉ ቢነዷት የማታደክም። ሙስታንጓን ግን ሆዷን ዝገት በልቶታል፤ ዝናብ ሲጥል ታፈሳለች። ሆኖም ከፋብሪካ የወጣችበት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አልተነካም፤ ቁጥሩም ከሰነዷ ጋር ይገጥማል። የካማሮዋ ሞተር ድሮ ተቀይሯል። አሮጌ መኪና ለሚሰበስብ ሰው ደግሞ የፋብሪካ ሞተር ማለት ነፍስ ነው። ክረምቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ አንጀቱ እያረረ ካማሮዋን አትላስ አካባቢ ሆቴል ላለው ለአብዱልገኒ ሸጠ። ሙስታንጓን ፍሬኗ እንዲታይለት ቦሌ ሚካኤል፣ ጋሽ ጉቱ ጋራዥ አስገባት።

ሊወስዳት ሲሄድ ጋሽ ጉቱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ጥርስ በጥርስ ሆነው ተቀበሉት።

«ፍሬኗስ?»

«ፍሬኗማ ቀላል ነው። አስነሳት እስቲ!»

አስነሳት። ያ ደረት የሚያርገበግብ ድምፅ የለም፤ ቋ ቋ ቋ አለች። ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የዶልፊን ሚኒባስ የናፍጣ ሞተር ቁጭ ብሏል።

«ጋሽ ጉቱ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያ ሆዳም ቤንዚን ሲጨርስብህ አሳዘንከኝ። ይሄ ቁጥብ ነው፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ነው። ለእጄ ምንም አልፈልግም፤ ላንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል!»

«የድሮውስ? የድሮውን የት አደረሱት?»

«ቦታ ቢይዝብኝ ለቆራሌዎች ሰጠኋቸው። ትናንት በጋሪ ጭነው ሄዱ።»

«ኧረ የሰው ያለህ! ማን ንኩልኝ አለዎት? ፍሬን ነው ያልኩዎት! ፍሬን!»

ልክ በዚያች ቅጽበት አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እያጓራ አለፈ። ጋሽ ጉቱ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ምን አልከኝ ልጄ?»

ዓለምሰገድ አያቸው። ፊታቸው በግራሶ ጠቁሯል፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ እንደ ሕፃን ምርቃት ይጠብቃሉ። እኚህን ሰው ምን ይበላቸው?

«እግዜር ይስጥልኝ ነው ያልኩት» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ኧረ ምን ቁም ነገር አለው! ካማሮዋን ቸኩለህ ሸጥካት እንጂ፣ ለሷም አንድ ሞተር አስቀምጬላት ነበር።»